የሚነቃነቀው ስፒና

በቤታችሁ «ኋላ ይታያል» ተብሎ የተተወ ነገር ይኖር ይሆን? በእኛ ቤት ነበር። ለጉዞ ብዬ ከመንገድ ዳር የገዛሁት የስልክ ቻርጀር ስፒናው ይነቃነቅ ነበር። ባለቤቴ ሁለት ጊዜ «ይህን ነገር ጣለው፣ ልጅ አለን» አለችኝ። እኔ ግን «እስካሁን ምን አደረገን?» ብዬ በፕላስተር ጠቀለልኩት።

አንድ ምሽት የአራት ዓመት ልጃችን ስልኩን ልታመጣልኝ ቻርጀሩን ሳበችው። ፕላስቲኩ በእጇ ወጣ፤ ሁለቱ ብረቶች ግን ሶኬቱ ውስጥ ቀሩ። ልትነካቸው ጣቷን ስትዘረጋ እናቷ ቀድማ አፈፍ አደረገቻት።

ማታ በቤተሰብ ጸሎታችን ጌታን ስለ ጥበቃው ከልቤ አመሰገንሁ። «አሜን» የሚል ግን አልሰማሁም። ቀና ስል ባለቤቴ ታለቅሳለች። «ጌታማ ጠብቆናል፣ ስሙ ይባረክ። ለእኔስ የምትለኝ ነገር የለህም?» አለችኝ። በጉባኤ ፊት ቆሜ የምጸልይ ሰው «ተሳስቻለሁ» የምትል አንዲት ቃል ከአፌ አልወጣ አለችኝ።

እንቅልፍ እንቢ ስላለኝ ስለ እንዲህ ያለ አደጋ ማንበብ ጀመርኩ። አፕል የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2016 አንድ ጥሪ አቅርቦ ነበር። ከ2003 እስከ 2015 ከኮምፒውተሮቹና ከአንዳንድ ስልኮቹ ጋር ያከፋፈላቸው ባለ ሁለት እግር ስፒናዎች ሊሰበሩና የነካቸውን ሰው ኮረንቲ ሊይዘው ስለሚችል «መልሱልኝ» አለ። የእኛ አገር ሶኬት ውስጥ የሚገባው የአውሮፓው ዓይነትና ለመንገደኞች የሚሸጠው የአዳፕተር ስብስብ ከነዚሁ መካከል ነበሩ። በመላው ዓለም ያወቀው አደጋ 12 ብቻ ነበር። ቢሆንም «12 ምን አላት?» አላለም። ጉድለቱን በይፋ ተናገረ፤ መለያውንም ገለጸ። በስፒናው የውስጥ ጎድጓዳ ላይ አራት ወይም አምስት ፊደል ካለ፣ ወይም ምንም ካልተጻፈ የተበላሸው ነው፤ ሦስት ፊደል ያለው አዲሱ ነው። በነፃም ለወጠ። በ2019 ደግሞ በእንግሊዝ፣ በሆንግ ኮንግና በሲንጋፖር ለሚሠራው ባለ ሦስት እግር ስፒና እንዲሁ አደረገ።

ገረመኝ። ገንዘብ የሚያሳድድ ኩባንያ «ጥፋቱ የእኔ ነው» ሲል፣ እኔ የጌታ ልጅ ለሚስቴ ይህን ማለት አቃተኝ።

ዘዳግም 22፥8 ትዝ አለኝ። እግዚአብሔር አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ሰው እንዳይወድቅበት በጣራው ዙሪያ መከታ እንዲሠራ ያዝዘዋል። ማንም እንዳይወድቅ ጸልይ ብሎ ብቻ አልተወውም። ወገኖቼ፣ ጸሎት መከታውን አይተካም። በእጃችን ያለውን ትተን «ጌታ ይጠብቀን» ማለት እምነት ሳይሆን ስንፍና ነው።

ሳይነጋ ባለቤቴን ቀሰቀስኳት። «ሁለት ጊዜ ነገርሽኝ፣ ሁለቱንም ጊዜ ናቅሁሽ። ይቅር በዪኝ» አልኳት። ጥቂት ዝም ብላ «አሜን» አለች።

እናንተስ? ዛሬ ማታ ባልና ሚስት አብራችሁ ሶኬቶቻችሁን ዙሩ። የሚነቃነቀውን፣ የሚግለውን፣ በፕላስተር የተጠቀለለውን አውጥታችሁ ጣሉ። ከውጭ የመጣላችሁ ቻርጀር ካለም ፊደሉን ተመልከቱ። ከዚያ ተቀመጡና ተጠያየቁ፦ «ደጋግመሽ የነገርሽኝ፣ እኔ ያልሰማሁት ሌላ ምን አለ?» መልሱ ከስፒና ሊከብድ ይችላል። ቢሆንም ምሳሌ 28፥13 በደሉን የሚሰውርን ሳይሆን ተናዝዞ የሚተወውን ሰው ምሕረት እንደሚጠብቀው ይነግረናል።

ጌታ ቤታችሁን ይባርክ።