እስቲ ስለ እሷም ተከራከሩ

እግር ኳስ በሴቶችና በቤተሰብ ዓምድ ምን ጥልቅ አደረገው የሚል አንባቢ ቢኖር አልፈርድበትም። እኔም ብሆን ስለ ሽሮ አዘገጃጀት ወይም ስለ ሕፃናት ክትባት ብጽፍ ይቀለኝ ነበር። ነገር ግን፣ ውድ አንባቢዎቼ፣ በፍኖተ ሰላምም ሆነ በቡሬ ከተማ ኳስ ያልገባበት ቤት ካለ እስቲ ንገሩኝ። ምሳ ላይ አለ፤ ሬዲዮ ላይ አለ፤ በለቅሶ ቤት ድንኳን ሥር ሳይቀር ድምፁን ዝቅ አድርጎ አለ። ቤት ውስጥ የገባ ነገር ሁሉ ደግሞ የዚህ ዓምድ ጉዳይ ነው ብዬ አምናለሁ።

አንድ ነገር አስተውያለሁ። የኳስ ወዳጆች ስለ ቡድን ሲያወሩ ድምፃቸው ልከኛ ነው። በረኛው ጥሩ ከሆነ «ጥሩ ነው» ይባላል፤ ነገሩ በዚያው ያልቃል። ኳስ ከእግሩ ጋር የተጣበቀች የምትመስል ጎረምሳ አጥቂ ሲነሣ ግን የሰው ሁሉ ፊት ይለወጣል። ያን ልጅ ይመዝኑታል፣ ይፈታቱታል፣ መልሰው ይገጥሙታል። ገበያ ላይ ወይፈን የሚገዛ ገበሬ ጥርስና ሰኮና የሚያየውን ያህል እነሱም ቀኝ እግሩን፣ ግራ እግሩን፣ ትከሻውን፣ ቴስታውን አንድ በአንድ ያያሉ።

የእኛን ቤት ለምሳሌ ልጥቀስ። ባለቤቴ የቅዱስ ጊዮርጊስ ደጋፊ ነው። ወንድሜ ቡሬ ላይ በርበሬ ይነግዳል፤ በወጣትነቱ አዲስ አበባ ጥቂት ዓመት ሠርቶ ሲመለስ ገንዘብ ሳይሆን የኢትዮጵያ ቡናን ፍቅር ይዞ መጣ። የበኩር ልጄ ደግሞ ከባሕር ዳር ከተማ በቀር ቡድን ያለ አይመስለውም። ሦስቱን አንድ ረከቦት ዙሪያ ማስቀመጥ ምን ማለት እንደሆነ የምታውቁት ታውቁታላችሁ።

በ2013 ዓ.ም. የፕሪምየር ሊጉ ጨዋታዎች በዲኤስቲቪ በቀጥታ መተላለፍ ሲጀምሩ የአዲስ አበባ ስታዲየምን ደጃፍ ረግጦ የማያውቅ የጅጋ፣ የማንኩሳና የደምበጫ ወጣት ሁሉ በሻይ ቤት ወንበር ላይ ዳኛ ሆነ። የዚያን ዓመት ወሬ አንድ ልጅ ነበር፤ የቡናው አጥቂ አቡበከር ናስር። የ21 ዓመት ልጅ ሆኖ በአንድ የውድድር ዘመን 29 ጎል አገባ። ከዚያ በፊት ሃያ ዓመት ያህል ሳይደፈር የቆየው የዮርዳኖስ ዓባይ የ24 ጎል ክብረ ወሰን ነበር። ዋንጫውን ፋሲል ከነማ ወሰደ፤ ቡና ሁለተኛ ሆነ፤ ወሬው ግን የአቡኪ ነበር።

በእኛ ቤት ክርክሩ የቡናውን ሥርዓት ይከተላል። በአቦል ጥንካሬው ይነገራል፤ ሦስቱም ይስማማሉ። ጎል ፊት አይደናገጥም፣ ሁለት ሰው መሀል ገብቶ ኳሷን ይዞ ይወጣል፣ በረኛው ወዴት እንደሚወድቅ ጠብቆ ነው የሚመታው። በቶና ድክመቱ ይመጣል። ባለቤቴ «ሰውነቱ ቀላል ነው፤ ትከሻ ለትከሻ ሲሆን ይጎዳል» ይላል። «ደግሞስ ከሃያ ዘጠኙ ስንቱ በሪጎሬ ነው?» ይጨምራል። ወንድሜ «ሪጎሬውንስ ማን አስገኘው? እሱን ጠልፈው አይደል!» ብሎ ስኒውን ያስቀምጣል። ልጄ ደግሞ ከመካከል ገብቶ «አገር ውስጥ ነው እንጂ ከአገር ሲወጣ እናየዋለን» ይላል። በበረካ ጥል ነው። እኔ ያን ጊዜ እጣኑን ጨመር አደርጋለሁ።

(ይህ «ከአገር ሲወጣ እናየዋለን» የሚለው ንግግር ኋላ ላይ ብዙ አከራክሯል። በ2014 ዓ.ም. ክረምት አቡበከር ወደ ደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ሄደ፤ እዚያም ጉዳት ደጋግሞ ከሜዳ አራቀው። ባለቤቴ ስለ ትከሻው የተናገርሁት ደረሰ ባይ ነው፤ ወንድሜ ደግሞ ጉዳት ድክመት አይባልም ይላል። በዚህ እኔም ከወንድሜ ጋር ነኝ።)

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልምጣ። በጓሮ ያለችውን ክፍል ለገጠር ተማሪዎች አከራያለሁ። አገራችንን የምታውቁ ይህን ኑሮ ታውቁታላችሁ፤ ልጆቹ ከየገጠር ቀበሌያቸው ወጥተው ከተማ ውስጥ በአንዲት ክፍል ሦስትም አራትም ሆነው ይኖራሉ፤ አባት ወይም ወንድም በገበያ ቀን ዱቄቱን፣ ሽሮውን፣ በሶውን ይዞ ብቅ ይላል። በ2014 ዓ.ም. መስከረም ከገቡት ሦስት ልጃገረዶች አንዷ የ16 ዓመት ልጅ፣ ዘጠነኛ ክፍል ነበረች። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ የሰው ዓይን የምትፈራ። ግድግዳዋ ላይ ግን ከጋዜጣ የተቆረጠ የሎዛ አበራ ፎቶግራፍ ለጥፋ ነበር።

ከትምህርት ቤት መልስ ከሰፈሩ ወንዶች ልጆች ጋር ኳስ ስትጫወት ያየኋት ጊዜ እጄን በሊጥ እንዳደረግሁ ቆሜ ቀረሁ። ከብት ስትጠብቅ ከወንድሞቿ ጋር ጨርቅ ኳስ ስትራገጥ የለመደችው ነው። አብዶዋን አይቶ የማይስቅ የለም፤ የሚስቁት ግን በእሷ ሳይሆን ጥላት በሄደችው ልጅ ነው።

ታኅሣሥ ላይ ይመስለኛል፤ እሑድ ነበር። ቡናውን እያቀራረበችልኝ ሳለ ወንዶቹ እንደ ልማዳቸው አቡበከርን ያነሣሉ ይጥላሉ። ልጅቷ ድንገት አንገቷን እንደ ደፋች «ኳሷ ሳትደርሰው አስቀድሞ ዘወር ብሎ ያያል፤ ለዚያ ነው የሚያመልጣቸው» አለች። ሦስቱም ዝም አሉ። ይህን ያህል ጊዜ ሲከራከሩ ይህን አንዳቸውም አልተናገሩትም ነበር። ከዚያ ባለቤቴ ጉሮሮውን ጠረግ አድርጎ «እስቲ ስኳሩን አቀብይን» አላት። ወሬው ወደ ሌላ ሄደ።

እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ጆሮዬ ነቃ። ስለዚች ልጅ ሰፈሩ አያወራም ማለት አይደለም፤ እንዲያውም ብዙ ያወራል። ውኃ ስንቀዳ፣ ወፍጮ ቤት ወረፋ ስንጠብቅ፣ ስለ እሷ የማይነሣ ነገር የለም። «በቁምጣ ስትሮጥ አታፍርም?» «ማን ያገባታል?» «ማሕፀኗ ይጎዳል።» አንድም ሰው ግን «ኳስ ታበዛለች»፣ ወይም «ቴስታ ትፈራለች»፣ ወይም «ቶሎ ብትለቅ ይሻላት ነበር» ሲል አልሰማሁም። የወንዱ ልጅ ክርክር እንዴት ይጫወታል ነው፤ የሴቷ ልጅ ክርክር ለምን ትጫወታለች ነው። እስቲ እናንተው ፍረዱ፣ ድክመቱ የሚነገርለት ሰው እኮ በደንብ የታየ ሰው ነው። ያላዩትን ሰው ግራ እግር ማንም አይነቅፍም።

ይህ የእኛ አገር ጉድ ብቻ አይደለም። በእንግሊዝ አገር ፕሬስተን በምትባል ከተማ የፋብሪካ ሠራተኛ ሴቶች ዲክ ከር የሚባል ቡድን አቋቁመው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1920 ታኅሣሥ 26 ቀን ሊቨርፑል ከተማ በኤቨርተን ሜዳ ሲጫወቱ ከ50 ሺህ የሚበልጥ ሕዝብ ገብቶ አያቸው። ከመካከላቸው ሊሊ ፓር የምትባለው በግራ እግሯ ምት ስሟ የገነነ ነበረች፤ ያን ጊዜ የ15 ዓመት ልጅ ነበረች። በዓመቱ የአገሩ እግር ኳስ ማኅበር ጨዋታው ለሴቶች አይገባም ብሎ የአባል ክለቦቹን ሜዳ ዘጋባቸው፤ እገዳው ሃምሳ ዓመት ያህል ቆየ።

በእኛም በኩል ቢሆን የሚወራ አልጠፋም። ሉሲዎቹ እ.ኤ.አ. በ2004 ደቡብ አፍሪካ ላይ በአፍሪካ ሴቶች ዋንጫ አራተኛ ወጥተዋል። የዱራሜዋ ልጅ ሎዛ አበራ በሐዋሳ፣ በደደቢት፣ በማልታው ቢርኪርካራ ተጫውታለች፤ በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ኬንያ ላይ በተደረገው የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ ማጣሪያ ለኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ስትጫወት 13 ጎል አግብታ ከሁሉም በልጣለች። ኋላም እ.ኤ.አ. በ2024 ወደ አሜሪካ ተሻግራ ለዋሽንግተኑ ዲሲ ፓወር ፈርማለች። ታዲያ ይህን ሁሉ በእኛ ረከቦት ዙሪያ ማን አነሣው? አሥራ ሦስት ጎል በጥቂት ጨዋታ! ከዚያ ውስጥ ስንቱ በሪጎሬ ነው ብሎ የጠየቀ እንኳን የለም።

ጥር ገባ። የ2014 ዓ.ም. ጥር ለኳስ ወዳጅ ካሜሩን ላይ የተደረገው የአፍሪካ ዋንጫ ወር ነበር፤ ብሔራዊ ቡድናችን ከዘጠኝ ዓመት በኋላ የተመለሰበት። ለገጠር ልጃገረድ ግን ጥር ሌላ ወር ነው። የሠርግ ወር ነው። በኬፕ ቨርዴ 1 ለ 0፣ በካሜሩን 4 ለ 1 ተሸንፈን፣ ከቡርኪና ፋሶ 1 ለ 1 ወጥተን ከምድባችን ተሰናበትን። የጥምቀት ሰሞን ቤታችን ለቅሶ ቤት ይመስል ነበር።

በዚያው ሰሞን በገበያው ቀን የልጅቱ አባት መጡ። ዱቄቱን ይዘው ነው የመጡት፤ ነገር ግን ጆንያው ከወትሮው ያነሰ መሆኑን አየሁ፤ ልቤም ደነገጠ። ከማዕዘኑ መደብ ላይ ተቀምጠው፣ ዱላቸውን በጉልበታቸው መካከል አድርገው፣ «እቴ፣ ልጄን ልወስዳት ነው የመጣሁት» አሉኝ። ሽማግሌ ተልኳል፤ ሰዎቹ ደኅና ሰዎች ናቸው፤ ከዐቢይ ጾም በፊት ይሁን ተብሏል። «ደግሞ ከወንድ ጋር ኳስ ትራገጣለች ሲሉ ሰማሁ። ነገር ሳይበላሽ…» ብለው ዝም አሉ።

የክልሉ የቤተሰብ ሕግ ከ18 ዓመት በታች ጋብቻን እንደሚከለክል አውቃለሁ፤ እሳቸውም ያውቃሉ። ቀበሌው ውስጥ ተነግሯል። ነገር ግን ልጆች ያሏችሁ ሁሉ እንደምታውቁት፣ ሕግን በአባት ፊት ላይ መወርወር አባትየውን ያሸንፈው ይሆናል እንጂ ልጅቷን ቤቷ በሰላም አያስገባትም። እንዲያም ሆኖ ሕጉን በለሰለሰ አፍ አነሣሁላቸው፤ አንገታቸውን ነቅንቀው ዝም አሉ። ልጅቷ በር ላይ ቆማ ነበር። ከዓይኗ የሚወርደውን በነጠላዋ ጫፍ ትጠርጋለች።

ወንዶቹ ያን ጊዜ ስለ ካሜሩኑ ጨዋታ ይጨቃጨቁ ነበር። አባትየው ስኒያቸውን ተቀብለው ጥቂት ካዳመጡ በኋላ፣ ሥራ ፈት ነገር እንደሚጠይቅ ሰው፣ «ለመሆኑ የእኔዋ ትችላለች?» አሉ።

ወንድሜ ሳያስብ መለሰ። «ጋሼ፣ ልጅዎ ቀኝ እግሯ እሳት ነው፤ ግራ እግሯ ግን ገና ነው» አለ።

ባለቤቴ ስኳር ከጠየቃት ቀን ጀምሮ ስለዚች ልጅ አንድ ቃል ተናግሮ አያውቅም ነበር፤ አሁን ቀና አለ። «ግራዋ አይደለም ችግሩ፤ ኳስ ታበዛለች እንጂ። ሦስት ሰው ካለፈች በኋላ አራተኛውን ማለፍ ምን ይባላል? ጎኗ ነፃ ሰው ቆሞ እያለ!»

«ነፃ ሰው ማነው? እነዚያ ለቀው ስለሚሸሹ ነው እንጂ» አለ ልጄ። «ፍጥነቷን አየኸው? ከሰፈሩ ልጆች የሚደርስባት የለም።»

«ፍጥነት ብቻውን ምን ያደርጋል! ክንፍ ላይ ብትሰለፍ ነው።»

«ክንፍ! መሀል ላይ እንጂ!»

ለካ ሁሉም ሲያዩዋት ኖረዋል! በዚያ ሁሉ ወር፣ ከሥራ ሲመለሱ፣ አጥሩ ሥር ቆመው አይተዋታል፤ አፍ አውጥቶ የተናገረ ግን አልነበረም። ልጅቷን ዞር ብዬ ብመለከታት ማልቀሷን ትታለች። ስለ ግራ እግሯ ሲነሣ የተቆጣች ትመስል ነበር፤ ግንባሯን ቋጥራ ወንድሜን ታየዋለች።

አባትየው ከአንዱ ወደ አንዱ እያዩ ረጅም ጊዜ አዳመጡ። የከተማ ሰዎች፣ ያውም የተማሩ፣ ስለ ልጃቸው እግር ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሲሟገቱ መስማት በሕይወታቸው የመጀመሪያቸው መሆኑ ከፊታቸው ይነበባል። በመጨረሻ ወደ ወንድሜ ዘንበል ብለው «በሬም እንዲሁ ነው» አሉ። «አንድ ጎን ከለመደ በሌላው ጎን አይጠመድም። ማስለመድ በወይፈንነቱ ነው።»

«እሱን እኮ ነው የምል!» አለ ወንድሜ።

ስለ ጋብቻው በዚያ ቀን የተነገረ ሌላ ቃል የለም። ሽማግሌዎቹን ምን ብለው እንደሚመልሷቸው አልጠየቅሁም፤ እሳቸውም አልነገሩኝም። ጸሐይ ዘቅዘቅ ስትል ተነሥተው ከኪሳቸው የታጠፈ ብር አወጡና የክፍሉን ኪራይ እስከ ሰኔ ቆጥረው ሰጡኝ። በር ላይ ሲደርሱ ወደ ልጃቸው ሳይሆን ወደ ወንድሜ ዞረው፣ ያ ጥርስ ያለው ጫማ ምን ይባላል ብለው ጠየቁ።

«ታኬታ» አለ ወንድሜ፤ ዋጋውንም ነገራቸው።

አባትየው ጥቂት አሰቡና፣ «ስንት ኪሎ በርበሬ ይሆናል?» አሉ።