ቮልስ ቤንዚን ትፈጃለችን?

አሮጌ መኪና ያለው ቤተሰብ ሁሉ አንድ ቀን የሚገጥመው ጥያቄ አለ፤ «ትሸጥ ወይስ ትቆይ?» የሚል። ለእኛ ለወንድማማቾቹና ለእህትማማቾቹ ከአባታችን ከተረፈው ንብረት ውስጥ አንዲት ቮልስ ነበረችና ጥያቄው ከቤታችን ገባ። ገሚሶቻችን «ቤንዚን ትፈጃለች፤ ተሽጣ ሁሉም ድርሻውን ይውሰድ» አልን። ገሚሶቻችን ደግሞ «እንደ ቮልስ ያለ ቆጣቢ ከወዴት ይገኛል?» ብለን ተከራከርን። የውርስ ነገር የሐቅ ነገር ነውና በወሬና በግምት የሚዘጋ አይደለም። ከመካከላችን አንዱ ወንድም ሆነ አንዲቷ እህት ሳንቲም እንኳ እንዳይጎድልባቸው ነገሩን ከሥሩ ማጣራት ግድ ሆነብን።

ቮልስ ላገራችን ሰው እንግዳ አይደለችም። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም አፄ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋን ሲወርዱ ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱት በቮልስ እንደነበር የሚታወቅ ነው። ጀርመን መሥራቷን ከተወች በኋላ እንኳ ሜክሲኮ እስከ 2003 እ.ኤ.አ. ስትሠራት ቆይታ በድምሩ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተመርታለች። ሞተሯ ከኋላ ነው፤ ራዲያተር የላትም፤ ውኃም አትጠይቅም። አራቱን ሲሊንደሮቿን የሚያቀዘቅዘው በቺንጋ የሚዞር ማራገቢያ የሚነፋው አየርና የሞተሩ ዘይት ነው። አባታችን ለእህል ንግድ ወደ ዳባትና ወደ ደባርቅ ሲመላለሱ የወደዱላትም ይህንኑ ነበር፤ ዳገት ላይ ውኃ ፈልቶባት መንገድ ዳር አትቆምም።

ወደ ቤንዚኑ እንምጣ። በደህና ይዞታ ላይ ያለች ባለ 1200 ወይም ባለ 1300 ሲሲ ቮልስ ለ100 ኪሎ ሜትር ከ7 እስከ 9 ሊትር ቤንዚን ትወስዳለች። ቪትዝን የመሰለች ትንሽ ዘመናዊ መኪና ግን ከ5 እስከ 6 ሊትር ያህል ይበቃታል። ያውም ባለ 1200ዋ ቮልስ 34 የፈረስ ጉልበት ሲኖራት፣ ቪትዟ የዚያን እጥፍ ያህል ጉልበት እያላት ነው። እንግዲህ «ቮልስ ከአዲሶቹ ትቆጥባለች» የሚለው ወሬ እውነት አይደለም። በዘመኗ ከነበሩት ከትላልቆቹ የአሜሪካ መኪኖችና ከላንድሮቨር ጋር ስትነጻጸር ቆጣቢ መባሏ ተገቢ ነበር፤ ስሙ ቀርቶላት የኖረው ከዚያ ነው።

ምክንያቱስ ምንድን ነው? ብዙ ሰው «በአየር ስለምትቀዘቅዝ ነው» ይላል። ይህ በከፊል ብቻ ልክ ነው። በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር ሙቀቱ ከፍና ዝቅ ስለሚልበት፣ ቤንዚንና አየሩን በጣም አጥብቆ የማመቅ ዕድል አይኖረውም። የድሮዋ ቮልስ ወደ 7 እጥፍ ገደማ ስታምቅ የዛሬዎቹ መኪኖች 10 እጥፍና ከዚያ በላይ ያምቃሉ፤ አጥብቆ ያመቀ ደግሞ ከአንዱ ጠብታ የበለጠ ጉልበት ያወጣል። ቅርጿም ክብ ቢመስልም ነፋስን እንደ አዲሶቹ አይሰነጥቅም። ዋናው ጉድለት ግን ካርቡራተሩ ላይ ነው። ለዚህ ማስረጃው፣ የሜክሲኮዋ ቮልስ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ካርቡራተሯ ተነሥቶ በኮምፒዩተር የሚመጠን የቤንዚን መርጫ ሲገባላት ሞተሯ በአየር መቀዝቀዙን አላቋረጠም። በከተማችን ሲርመሰመሱ የምናያቸው ባጃጆችም ብዙዎቹ በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር የያዙ ናቸው፤ በቤንዚን አባካኝነት ግን የሚከሳቸው የለም።

ልብ በሉ! የእኛ አገር ነገር የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ደባርቅ ደግሞ 2,800 ሜትር ያህል ትደርሳለች። በእነዚህ ከፍታዎች አየሩ ከባሕር ዳርቻ አየር ሩብ ያህሉ፣ ደባርቅ ላይም ከሩብ በላይ ይጎድለዋል። ካርቡራተር ግን ደንቆሮ ዕቃ ነው፤ አየሩ መሳሳቱን አያውቅም። ለቆላ የተለካችው ቀዳዳ ለደጋውም ያንኑ ያህል ቤንዚን ታንጠባጥባለች። ትርፉ ቤንዚን አየር አጥቶ ሳይነድ ይቀርና በጭስ ማውጫው ጥቁር ሆኖ ይወጣል። በዘመናዊው መኪና ግን አየሩን የሚለካ መሣሪያ ስላለ፣ ወለቃን አልፎ የኮሶዬን ዳገት ሲያያዘው ቤንዚኑን በዚያው ልክ ይቀንሳል።

ቮልሳችንን ያየልን አንድ ሽማግሌ መካኒክ ካንዴላዎቹን ፈትተው በመዳፋቸው ላይ አኖሯቸው። አራቱም ጥላሸት ለብሰዋል። «ልጆቼ፣ ይቺ መኪና ቤንዚን በላች አትበሏት፤ የማትችለውን እያጎረሳችኋት ነው» አሉን። የቤንዚኗን ቀዳዳ በጠበበች ለወጡላት፤ የአየር ማጣሪያዋን አጸዱ፤ ቫልቮቿን አስተካከሉ፤ በብርድ ጊዜ ቤንዚን የሚጨምርላትንና ተይዞ የቀረውን ክዳን አላቀቁት። ማራገቢያውን የሚያዞረውን ቺንጋም ወጥረው ሰጡን፤ እሱ ከላላ ሞተሩ ይጋላልና።

ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ለክተናታል። ከጎንደር ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ታንኳን እስከ አፏ ሞልተን፣ ደርሰን ተመልሰን፣ እዚያው ማደያ እንደገና እስከ አፏ ስንሞላት መጀመሪያ የወሰደችው 22 ሊትር ነበር። ከተስተካከለች በኋላ በዚያው መንገድ፣ በዚያው ጭነት 17 ሊትር ወሰደች። አምስት ሊትር ሙሉ በጭስ ይወጣ ኖሯል! ማደያ ላይ ነዳጅ ጠፍቶ በሃይላንድ እየተቀዳ በውድ በሚሸጥባቸው ቀናት አምስት ሊትር ከልጆች ጉርስ ላይ የሚነሣ ነው። ብክነት ማለትም ይኸው ነው።

አሁን ሒሳቡን እናስላ። የተስተካከለችው ቮልስ ለ100 ኪሎ ሜትር 8 ሊትር ተኩል ብትወስድና ቪትዝ 6 ብትወስድ ልዩነቱ 2 ሊትር ተኩል ነው። እኛ በወር የምንነዳው ከ400 ኪሎ ሜትር ስለማይበልጥ ቪትዝ የምታተርፍልን በወር 10 ሊትር ነው። ለዚህች 10 ሊትር ሲባል ስንት ይከፈል? በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ በዕድሜ በገፉ ያገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። ቪትዝ ለመግዛት ከቮልሷ ዋጋ ላይ የምንጨምረው ገንዘብ የብዙ ዓመት ቤንዚናችንን የሚሸፍን ሆኖ አገኘነው። ያ ገንዘብ በእጃችን የለም፤ ወለድ ያለበት ብድር ውስጥ ደግሞ አንገባም።

ይህ ሒሳብ ግን የእኛ ነው እንጂ የሁሉም አይደለም። መኪናውን የዕለት እንጀራው አድርጎ በወር 2,000 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው ልዩነቱ 50 ሊትር ይሆንበታል፤ ለእርሱ አዲሱ መኪና ሊያዋጣው ይችላል። ስለዚህ ወጣቶች! የሰው ወሬ ሰምታችሁ አትሽጡም አትግዙም። ታንካችሁን ሙሉ፤ ኪሎ ሜትሩን ጻፉ፤ ተመልሳችሁ ሙሉና አካፍሉ። የቮልሳችሁ ቆጣሪ ካልሠራ ርቀቱ በሚታወቅ መንገድ ንዱ። ካንዴላችሁንም እዩ፤ ቡናማ ከሆነ ደህና ነው፤ ጥቁር ከሆነ ገንዘባችሁ እየተቃጠለ ሳይሆን እየጨሰ ነው።

እኛም በዚሁ ተስማማን። ቮልሷ በገበያ ዋጋ ተገመተች፤ ግምቱም ቤንዚን ትፈጃለች ተብላ ሳትረክስ፣ ትቆጥባለች ተብላም ሳትወደድ፣ በለካነው ልክ ሆነ። ታናሽ ወንድማችን አስቀራት፤ ለእናታችንና ለቀረነው ድርሻ ድርሻችንን በየወሩ እየከፈለ ነው። እስካሁን አንድም ወር አላዛነፈም፤ አልሐምዱሊላህ።