በእርሳስ የጻፍኩት 5

ወረቀቱን ያገኘሁት ባለፈው ዓመት ቤት ስንቀይር ነው፤ በአንድ የድሮ መጽሐፍ ውስጥ ታጥፎ ተቀምጧል። ከላይ በልጅ እጅ የተሳለ ቀስተኛ፣ ከሥሩ ስድስት ሣጥኖች አሉ። "ቅልጥፍና" የሚለው ሣጥን ውስጥ በእርሳስ 5 ተጽፏል። የእኔ የእጅ ጽሑፍ ነው።

ጊዜው እ.ኤ.አ. 2015 ነው። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ በወላጆቼ ቤት ቤዝመንት ቅዳሜ ማታ እየተሰበሰብን ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ የሚባለውን፣ ሁሉም የየራሱን ገጸ ባሕርይ ይዞ በዳይስ የሚጫወተውን የምናብ ጨዋታ እንጫወት ነበር። ጨዋታውን የምመራው እኔ ነኝ። የአክስቴ ልጅ ያን ሰሞን ከአዲስ አበባ መጥቶ እኛ ጋ አርፏል፤ 15 ዓመቱ ነው። ትንሽ ሳለ መኪና ገጭቶት ግራ ጉልበቱ አይታጠፍም። እንግሊዝኛው ገና ስለሆነ ከሰው አይቀላቀልም ነበርና፣ "ና፣ አብረኸን ተጫወት" ብዬ ያስቀመጥኩት እኔው ነኝ። ቀስተኛ መሆን እንደሚፈልግ ገና ከመጀመሪያው ነገረኝ።

አዲስ ነገር ያመጣሁ መስሎኝ፣ "በዚህ ጨዋታ ሁላችሁም ራሳችሁን ሆናችሁ ትገባላችሁ፤ ቁጥሩን የምሰጠው እኔ ነኝ" አልኩ። ጂም ለሚመላለሰው ጓደኛዬ ጉልበት 16 ሰጠሁ። ልጁ ጋ ስደርስ ደረጃውን እንዴት እንደወረደ ትዝ አለኝና 5 ብዬ ጻፍኩ።

በጨዋታው አካልን የሚለኩ ሦስት ቁጥሮች አሉ። ጉልበት ለማንሳት፣ ለመዝለልና በሰይፍ ለመምታት ነው፤ ጽናት ስንት ምት ችለህ እንደምትቆም ይወስናል። ቅልጥፍና ግን ብዙ ነገር ተሸክሟል። ሚዛን መጠበቅ፣ ከምት ማምለጥ፣ ጠብ ሲነሣ መቅደም፣ ቁልፍ በሽቦ መክፈት፣ ቀስት መወርወር ሁሉ የታሰሩት በዚያ አንድ ቁጥር ነው። እኔ የፈረድኩት አንድ እግር አይቼ ነው፤ ቁጥሩ ግን እጁንም ዓይኑንም ይዞበት ሄደ።

እጁን ደግሞ አውቀው ነበር። የሰፈሩ ልጆች ኳስ ሲያሯሩጡ እሱ ብይ ሲጫወት ነው ያደገው። ቤታችን ምንጣፍ ላይ ግራ እግሩን ዘርግቶ ቁጭ ይልና፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ብይዋን በአውራ ጣቱ ሲያስፈነጥራት፣ ከክፍሉ ማዶ ያለችውን አይስታትም። ይህን ባየሁ በሳምንቱ ነው 5 ያልኩት።

ሁለተኛው ቅዳሜ በጨዋታው ጎብሊን የሚባል ጭራቅ መጣባቸውና ተራው የእሱ ሆነ። ባለ 20 ገጹን ዳይስ በሁለት እጁ አሽቶ ጣለው፤ 15 ወጣለት። ጎብሊኑን ለመምታት የሚያስፈልገው 15 ነው። ቀስት ስለሠለጠነ 2 ይጨመርለታል፤ ቅልጥፍናው 5 ስለሆነ 3 ይቀነስበታል። ድምሩ 14። በአንድ ሳተ። 16 ብሰጠው ኖሮ ሦስቱ መቀነሱ ቀርቶ ይጨመርለት ነበር፤ 20 ይሆናል።

ዳይሱን ትንሽ አየውና፣ "ጋሼ፣ ቀስት የሚወረወረው በእግር ነው እንዴ?" አለኝ።

"ሕጉ ነው" አልኩት።

ሕጉ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው የተጫዋቾች መጽሐፍ አራት ዳይስ ጥለህ ትንሹን ተውና ሦስቱን ደምር፣ ስድስት ጊዜ እንዲህ አድርግና የት እንደምታስገባው አንተ ምረጥ ይላል። መጣል ካልፈለግህ ደግሞ 15፣ 14፣ 13፣ 12፣ 10 እና 8ን እንደወደድህ ደልድል ይላል። በዚህ ዝርዝር ከ8 በታች የሚባል ነገር እንኳ የለም። የጨዋታው መሪ የሰው ገላ አይቶ ቁጥር ያውጣ የሚል ቦታ አላነበብኩም። መጽሐፉ ጭኔ ላይ ነበር፤ ልጁ እንደማያነበው ስለማውቅ ነው የዋሸሁት።

ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ሌላም አለ። እ.ኤ.አ. በ1978 በወጣው የዚሁ ጨዋታ መጽሐፍ የሴት ገጸ ባሕርይ ጉልበት ከወንዱ ባነሰ ጣሪያ ይገደብ ነበር፤ በ1989ኙ ሁለተኛ እትም ቀረ። ይህን ለጓደኞቼ በቁጣ ነበር የምተርከው፤ ሰው በጨዋታ እንኳ በገላው ይታሰር ወይ እያልኩ። ይህን የምለው በዚያው ጠረጴዛ ላይ ነው።

በሦስተኛው ሳምንት ልጁ የቤት ሥራ አለብኝ ብሎ ቀረ። ከዚያ በኋላ የተጫዋቾች መጽሐፉን ተዋሰኝና ከወር በኋላ መለሰው፤ ምንም አላለም። እኔም አልከፈትኩትም። ወረቀቱ የተገኘው እዚያ ውስጥ ነው። ከ5ቱ ጎን፣ ጠርዙ ላይ፣ በእሱ እጅ እንዲህ ተጽፏል፦ 15፣ 14፣ 13፣ 12፣ 10፣ 8። 15ቱ ተከቦበታል።

አሁን ሌላ ስቴት ነው የሚኖረው። ወረቀቱን ያገኘሁ ዕለት ማታ ደወልኩለትና ሕጉ እንዳልነበር፣ እኔ እንደሆንኩ ነገርኩት። "አውቃለሁ ጋሼ፤ ያኔም አውቄያለሁ" አለኝ። ምንም አይደለም አላለኝም። እኔም እንዲለኝ አልጠበቅኩም።