ዝናብ፣ ከበሮና 21 ኪሎ ሜትር

ዋሽንግተን ዲሲ በመጋቢት ምን ይዛ እንደምትመጣ አይታወቅም። አንዱ ቅዳሜ ጸደይ ገባ ያስብላል፤ የሚቀጥለው ደግሞ ወፍራም ካፖርት ያስለብሳል። ለሩጫው የመጣሁበት ቅዳሜ ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ጎህ ሲቀድም አላባራም። ያረፍኩት ሲልቨር ስፕሪንግ አክስቴ ቤት ነበር። በሶውን በማር በጥብጠው ሰጡኝና በመስኮት ወደ ውጭ እያዩ «ልጄ፣ በዚህ ዶፍ ልትሮጥ ነው?» አሉ። መልሴን ሳይጠብቁም አንድ ትልቅ ጥቁር የቆሻሻ ላስቲክ አምጥተው፣ ለጭንቅላትና ለእጅ የሚሆን ቀዳዳ በመቀስ አወጡለት። መነሻው ላይ ስደርስ የብዙው ሯጭ ልብስ ይኸው ነበር።

ሩጫው «ሮክ ኤን ሮል» ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1998 ሳንዲያጎ ላይ ተጀምሮ ወደ ብዙ ከተሞች የተስፋፋ ውድድር ነው፤ መለያው በየመንገዱ ዳር የቆሙት የሙዚቃ ባንዶች ናቸው። የዲሲው ግማሽ ማራቶን ያኔ ከኮንስቲትዩሽን ጎዳና ተነስቶ አሮጌው አር.ኤፍ.ኬ. ስታዲየም አጠገብ ያበቃ ነበር።

በእንዲህ ያለ ቀን ክፉው ሰዓት ሳይሮጡ የሚቆሙበት ነው። የረጠበ ልብስ የሰውነትን ሙቀት ቶሎ ይነጥቃል፤ ጥጥ የለበሰ ሰው ደግሞ ውኃውን ተሸክሞት ይዞራል። መሮጥ ሲጀመር ጡንቻ ሙቀት ያመነጫልና ብርዱ ይረሳል። ይህን የማነሳው ለሯጩ አዝኜ አይደለም፤ በመንገዱ ዳር የነበሩት ሙዚቀኞች ሲጫወቱ የዋሉት ቆመው ስለነበር ነው።

የመጀመሪያዎቹን ኪሎ ሜትሮች በዝምታ ጨረስናቸው ማለት ይቻላል። አንድ ቦታ ላይ ድምፅ ማጉያዎቹ በላስቲክ ተሸፍነው አየሁ፤ ሰው የለም። ኤሌክትሪክና ውኃ አብረው አይሆኑም፤ ጊታርና ኪቦርድ የያዘ ሁሉ ድንኳኑ ካልቻለለት መሣሪያውን ከማንሳት ሌላ ምርጫ የለውም። ከፖቶማክ ወንዝ ዳር ደግሞ ሙዚቃው የጠፋው በዝናቡ ምክንያት አልነበረም። በዚያ በኩል «ሰማያዊው ማይል» የሚሉት መንገድ አለ፤ በጦርነት የሞቱ ወታደሮች ፎቶ በአስፋልቱ ዳር ተደርድሯል፤ ከፎቶዎቹ ቀጥሎ ባንዲራ የያዙ ሰዎች ቆመዋል። ውኃው በእጅጌያቸው ሲወርድ ባንዲራውን ዝቅ ያደረገ አላየሁም። ከእኛ መሃል ያወራም አልነበረም።

ከሮክ ክሪክ ሸለቆ ወደ ካልቨርት ጎዳና የሚያወጣው ዳገት አጭር ቢሆንም ጭን ያነድዳል። ከዳገቱ በኋላ የሚመጣው ድልድይ በዱክ ኤሊንግተን ስም የተሰየመ ነው። ታላቁ የጃዝ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1899 የተወለደው እዚሁ ዋሽንግተን ነው። በ1966 ዓ.ም. ደግሞ ኦርኬስትራውን ይዞ አዲስ አበባ መጥቶ ነበር፤ ከዐፄ ኃይለ ሥላሴ እጅ ሜዳይ ተቀበለ፣ ከወጣቱ ሙላቱ አስታጥቄም ጋር ሠራ። በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ ዐረፈ፤ ድልድዩም ስሙን ወሰደ። ያን ድልድይ በእግሬ ስሻገር ልቤ ሞላ። ወዲያ ማዶ ያለው አዳምስ ሞርጋን ወገኖቻችን በዚህ ከተማ ቀድመው የሰፈሩበት፣ የእንጀራ ቤቶቻቸውንም የከፈቱበት ሰፈር ነው። ከአንድ ሱቅ በረንዳ ሥር የቆሙ እናት ነጠላቸውን እስከ አገጫቸው ተከናንበው «በርታ! አይዞህ፣ በርታ!» ሲሉ በአማርኛ ሰማሁ። ከየት እንዳወቁኝ እንጃ፤ እግሬ ግን ፈጠነ።

ቀኑን ያዳነው ከዚያ በኋላ ያገኘሁት የከበሮ ቡድን ነው። የሚጫወቱት ጎ-ጎ ነበር፤ በሙዚቀኛው ቸክ ብራውን እጅ ያደገው፣ ከተማዋም እ.ኤ.አ. በ2020 ይፋዊ ሙዚቃዬ ብላ በሕግ ያጸደቀችው ስልት። በጎ-ጎ አንዱ ዘፈን አልቆ ሌላው እስኪጀመር ምቱ አይቋረጥም። ለሯጭ ይህ ትልቅ ነገር ነው። በሌላ ባንድ ፊት ሲያልፍ በሁለት ዘፈን መሃል ሊደርስና ጸጥታ ሊያጋጥመው ይችላል፤ በጎ-ጎ ፊት ግን መቼም ይድረስ መቼ ምቱ ይጠብቀዋል። ኃይሌ ገብረሥላሴም እ.ኤ.አ. በ1998 በርሚንግሃም ላይ የ2,000 ሜትር የቤት ውስጥ ክብረ ወሰን ሲሰብር በአዳራሹ «ስካትማን» የተባለው ዘፈን ይሰማ ነበር፤ ምት እግርን እንደሚመራ እሱ በሚገባ ያውቃል።

የኮንጋ መቺውን ጣቶች ቀርቤ አየኋቸው። በፕላስተር ተጠቅልለዋል፤ ፕላስተሩም በውኃ ርሶ ጫፉ ተላቅቋል። በመታ ቁጥር ከከበሮው ቆዳ ላይ ውኃ ወደ ፊቱ ይረጫል፤ እሱ ዐይኑን ጨፍኖ ይመታል። ትሮምፔት የያዘው ልጅ በየመሃሉ መሣሪያውን ገልብጦ ያንጠባጥብና እንደገና ወደ አፉ ይመልሳል። እኛ በደቂቃ አልፈናቸው ሄድን። እነሱ የመጨረሻው ሯጭ እስኪያልፍ እዚያው ናቸው።

በሰሜን ካፒቶል ጎዳና በኩል የቀረው ጉዞ ብዙ የሚወራለት አይደለም፤ ጫማዬ ውኃ ሞልቶ ከብዷል፣ ነፋሱም ፊት ለፊት ነው። ስጨርስ የሚያብረቀርቅ ስስ ብርድ ልብስ ትከሻዬ ላይ ጣሉልኝ፤ ሜዳሊያም አጠለቁልኝ። ለሙዚቀኞቹ እንዲህ ያለ ብርድ ልብስ የሚያቀርብ ሰው በመንገዱ ላይ አላየሁም። ይህ መታረም ያለበት ነገር ነው፤ ውድድሩ በሙዚቃ ስም የሚጠራ ከሆነ ሙዚቀኛው ደህና ድንኳን፣ ትኩስ መጠጥና የሚተካካበት ሰው ይገባዋል።

በአገራችንም ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ በየዓመቱ በሚካሄደው ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ፣ ባንዶችና ከበሮ መቺዎች በመንገድ ዳር ቆመው ሕዝቡን ያጅባሉ። በሚቀጥለው ኅዳር ከሯጮቹ መካከል ከሆናችሁ፣ ደርሳችሁ ስታልፏቸው የጆሮ ማዳመጫችሁን አውጡና እጃችሁን አንስታችሁ አመስግኗቸው።