አደዩን ከኑጉ ይለዩ

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው አስፋልት የሚጓዙት በመስከረም ከሆነ ሐሙሲት ላይ ወረድ ይበሉ። ክረምቱ ሲወጣ የመንገዱ ዳርና የማሳው ድንበር ቢጫ ለብሶ ይጠብቅዎታል። ከመኪና ሆነው ሲያዩት ሁሉም አደይ አበባ ይመስላል። እኛ የማርኬቲንግ ሰዎች በየዓመቱ ፖስተራችንን በአደይ እናስጌጣለን፤ ቅጠሉን ልብ የምንለው ግን ጥቂቶች ነን።

መለያው ግን እሱ ነው። የአደይ ቅጠል ቀጫጭን ሆኖ የተሰነጣጠቀ ነው። ወሩ ገፋ ሲል የሚያብብ የኑግ ማሳ ካጋጠመዎ ደግሞ ቅጠሉ ያልተከፈለ፣ ረዘም ያለ፣ ጠርዙም እንደ መጋዝ ጥርስ ያለው ሆኖ ያገኙታል። ኑግን ገበሬው ለዘይቱ ይዘራዋል፤ አደይ በየድንበሩ በራሱ ይበቅላል። የሚራባውም በዘሩ ነው።

ስለዚህ ለእንቁጣጣሽና ለመስቀል ሲለቅሙ ከሥሩ አይንቀሉ፤ ቆርጠው ይውሰዱ፣ ከፊሉንም ለዘር ይተዉ። ከግቢዎ ማየት ካማረዎት አበባው ረግፎ ራሱ ሲደርቅ ዘሩን ይሰብስቡ። በወረቀት ጠቅልለው ደረቅ ቦታ ያቆዩትና ሰኔ ላይ ዝናቡ ሲይዝ ፀሐይ በሚያገኝ መሬት ላይ ይበትኑት። ለከርሞ ልጆችዎ አደዩን ከደጃቸው ይቆርጣሉ።