የእንቁጣጣሽ ቀለም በሲልቨር ስፕሪንግ

ሲልቨር ስፕሪንግ ከዋሽንግተን ዲሲ በስተሰሜን ተያይዛ የምትገኝ የሜሪላንድ ከተማ ናት። ስሟ «የብር ምንጭ» ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1840 ፍራንሲስ ፕሬስተን ብሌር የተባለ የጋዜጣ አዘጋጅ በአካባቢው ሲዘዋወር አንድ ምንጭ አገኘ ይባላል። በውኃው ውስጥ የነበረው ማይካ የሚባል ማዕድን ፀሐይ ሲያርፍበት ብር መስሎ ያብለጨልጭ ነበርና ስሙ በዚያው ጸና። ቦታው ዛሬ ትንሽ መናፈሻ ነው።

ልጄን ልጠይቅ ሄጄ 2017ን የተቀበልኩት በዚህች ከተማ ነው። በጆርጂያ ጎዳናና በፌንተን መንገድ ስትሄዱ በአማርኛ የተጻፉ ማስታወቂያዎች ታያላችሁ፤ የቡና ሽታ ያውዳችኋል፤ እንጀራው በላስቲክ ታሽጎ በየሱቁ ይሸጣል። አገር ቤት ያላችሁ ይመስላችኋል። ወደ አፓርታማው ስትገቡ ግን ሌላ ነው። ልጄ በምትኖርበት ፎቅ አሥራ ሁለት በሮች አሉ። አራት ዓመት ስትኖር በስም የምታውቀው የአንዱን በር ሰዎች ብቻ ነበር። የሌሊት ተረኛ ናት፤ ልጆቿ ዘጠኝና ስድስት ዓመታቸው ነው።

እኛ ስናድግ በእንቁጣጣሽ ሴቶቹ አበባየሆሽ እየጨፈርን፣ ወንዶቹ አበባና መላእክት በወረቀት ስለው በየደጁ እንዞር ነበር። ያ ስዕል ዋናው ቁም ነገሩ በር ማንኳኳቱ ነው። ለልጅ ልጆቼ ይህን ስነግራቸው ትልቁ «እኔ መሳል አልችልም» አለኝ። ስለዚህ እጅ የማይጠይቀውን ዘዴ መረጥን፤ ቀለም ማፍሰስ።

ዘዴው ለልጆች ጨዋታ ብቻ የመጣ አይደለም። የሜክሲኮው ሰዓሊ ዴቪድ አልፋሮ ሲኬይሮስ እ.ኤ.አ. በ1936 ኒውዮርክ በከፈተው የሙከራ ወርክሾፕ ቀለም እያፈሰሰ ይሠራ ነበር፤ ወጣቱ ጃክሰን ፖሎክም እዚያ ተሳትፏል። ዛሬ በየቤቱ የሚፈሰው አክሪሊክ ነው፤ በውኃ ይቀጥናል፣ ሲደርቅ ግን እንደ ፕላስቲክ ይሆናል።

ጳጉሜን 2፣ ቅዳሜ፣ መስኮት ከፍተን ወለሉ ላይ ላስቲክ አነጠፍን። ሁላችንም ጓንት አደረግን። በከተማዋ በየአጥሩ ሥር የሜሪላንድ መለያ የሆነችው ብላክ አይድ ሱዛን የምትባል ቢጫ አበባ ፈክታ ነበር። ዓይኗ ጥቁር ባይሆን አደይ አበባ ባልኳት። ከእሷ ቢጫውን ወሰድን፤ አረንጓዴ፣ ነጭና ጥቂት ወርቃማ ጨመርን። ብዙዎቹ ወርቃማ ቀለሞች የሚያብረቀርቁት በማይካ ብናኝ ነው፤ ለከተማዋ ስም በሰጠው በዚያው ማዕድን።

እያንዳንዱን ቀለም ለየብቻ ከማቅጠኛው ጋር እንደ እንጀራ ሊጥ እስኪወርድ አማሰልነው። ከዚያ በአንድ ኩባያ ውስጥ ተራ በተራ ደራረብነው፤ ሸራውን በኩባያው አፍ ላይ ገጥመን ገለበጥነውና ኩባያውን አነሳን። ሸራውን ወዲህና ወዲያ ስናዘነብለው ቀለሙ እስከ ጠርዙ ተንሸራተተ። ትንሿ «እማማ፣ እንጀራ!» ብላ ጮኸች፤ ላዩ ዓይን አውጥቶ ነበር። የእንጀራ ዓይን ከእርሾው አየር ይመጣል። የቀለሙ ዓይን ግን ከክብደት ነው፤ ነጩ በውስጡ ባለው ቲታኒየም ምክንያት ስለሚከብድ ይሰምጣል፣ ቀለል ያለው ደግሞ ሰንጥቆት ይወጣል።

አንዳንዶች ዓይኑ እንዲበዛ የጋዝ ነበልባል ያስጠጉበታል። ልጆች ባሉበት ቤት አልመክርም፤ የተቃጠሉ ሕፃናትን ፋሻ ስቀይር ዕድሜዬን ፈጅቻለሁ። የተረፈውን ቀለምም ሲደርቅ ቧንቧ ስለሚደፍን ውኃ መውረጃ ውስጥ አትድፉት፤ በወረቀት ጥረጉትና ጣሉት።

ሦስቱን ሸራዎች በተስተካከለ ቦታ፣ በኩባያ ላይ አሳርፈን ሦስት ቀን ተውናቸው። የእኛ መስከረም 1 በዚያ ዓመት በእነሱ ሴፕቴምበር 11 ዋለ፤ ለአሜሪካውያን የሐዘን መታሰቢያ ነው። ስለዚህ ስዕሎቹን በዋዜማው ለማድረስ ወሰንን። ልጄ «እማዬ፣ እዚህ እኮ ሳይደውሉ በር አይንኳኳም» አለችኝ። «ቁጥራቸውን ታውቂዋለሽ?» አልኳት። አታውቅም።

አንዱ ሸራ ሳሎን ተሰቀለ። ሁለተኛውን ይዘን ያንኳኳነው በር አልተከፈተም፤ ደጃፉ ላይ አስደግፈነው ተመለስን። ፊት ለፊታችን ብቻቸውን የሚኖሩት አዛውንት ሴት ግን ከፈቱ። የልጅ ልጄ የእኛ አዲስ ዓመት መሆኑን ነገራቸው። ስዕሉን ብዙ ጊዜ አዩና «ስንት ነው?» ብለው ጠየቁት። ወደ እኔ ዞረ። «ደስ ያላቸውን ይስጡህ በላቸው» አልኩት። አንድ ዶላር ሰጡት፤ ስሙንም ጠየቁት። በአራት ዓመት የመጀመሪያቸው ነበር።

አዲስ አበባ ከተመለስኩ በኋላ ልጄ በስልክ እንደነገረችኝ፣ እሷ እስክትመጣ ልጆቹ ውጭ ከቀሩ የሚያንኳኩት የእኚያን ሴት በር ነው። በምሽት ተረኛ እናት ቤት ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

እዚህም በየኮንዶሚኒየሙ በሮቻችን እየተዘጉ ነው። አክሪሊክ በጽሕፈት መሣሪያና በቀለም መሸጫ ሱቆች ይገኛል፤ ለማቅጠኛው ነጭ ኮላ በትንሽ ውኃ መበጥበጥ ይበቃል። በጳጉሜን መባቻ አፍስሱት፣ ለዋዜማው ይደርቃል። አንዱን ለግድግዳችሁ፣ አንዱን ስሙን ለማታውቁት ጎረቤት አድርጉት። ልጆች ሲያንኳኩ ደግሞ ዝርዝር ብር አዘጋጅታችሁ ክፈቱላቸው፤ ስማቸውንም ጠይቋቸው።

መልካም አዲስ ዓመት!