«ስንት አተረፈ?» ግማሽ ጥያቄ ነው

የአክሲዮን ወሬ ሲነሣ ሁላችንም መጀመሪያ የምንጠይቀው «ስንት አተረፈ?» ብለን ነው። ቀሪውን ግማሽ ግን እንረሳዋለን፦ «ለዚያ ትርፍ እኔ ስንት እየከፈልኩ ነው?»

ኢትዮ ቴሌኮምን እንውሰድ። ጥቅምት 2017 ላይ ከ1 ቢሊዮን አክሲዮኖቹ 10 በመቶውን፣ አንዱን በ300 ብር፣ በቴሌብር ለሽያጭ አቀረበ። ለ2016 በጀት ዓመት ይፋ ያደረገው ትርፍ 21.79 ቢሊዮን ብር ነበር። ሲሰሙት ያስደምማል፤ ለ1 ቢሊዮን ሲካፈል ግን ለአንድ አክሲዮን 22 ብር አይሞላም። በ300 ብር ሲታይ 7 በመቶ ገደማ ነው፤ በጊዜው ባንክ ለቁጠባ ይከፍል ከነበረው ዝቅተኛ ወለድ ጋር ይቀራረባል። ትርፉም ሁሉ አይከፋፈልም፤ ከፊሉ እዚያው ለሥራ ይውላል።

ታዲያ አይገዛም ማለት ነው? አይደለም። ገዢው የሚከፍለው በአብዛኛው ለነገ ዕድገት ነው ማለት ነው። ስለዚህ የሒሳብ መግለጫውን ከፍቶ ዕድገቱ ከየት እንደሚመጣ ይፈልግ፦ ገቢው የጨመረው ደንበኛው ስለበዛ ነው ወይስ ታሪፉ ስለተወደደ? ዕዳው በዶላር ነው? ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ የዶላር ዕዳ በብር ሲቆጠር አብጧል። ትርፉስ ጥሬ ገንዘብ ሆኖ ገብቷል ወይስ ገና ያልተሰበሰበ ሒሳብ ነው? የገንዘብ ፍሰት መግለጫው ይህን አይደብቅም።

ባንክ ሲሆን ደግሞ መጀመሪያ መታየት ያለበት የተበላሸ ብድር ነው። ለእሱ የሚያዘው መጠባበቂያ ከትርፍ ላይ ስለሚቀነስ፣ መጠባበቂያው ሲያንስ የዘንድሮው ትርፍ ያምራል፤ ጣጣው ለከርሞ ይተላለፋል። ባንኮች ካፒታላቸውን ብሔራዊ ባንክ ወዳዘዘው 5 ቢሊዮን ብር ለማድረስ አዲስ አክሲዮን ሲሸጡም፣ ጠቅላላ ትርፉ አድጎ ለአንድ አክሲዮን የሚደርሰው ሊቀንስ ይችላል። ዜናው የሚነግረን ግን ጠቅላላውን ብቻ ነው።

ይህን ለማወቅ የሒሳብ ባለሙያ መሆን አያስፈልግም። የኦዲተሩን አስተያየት ማንበብ፣ ትርፉን ለአክሲዮኑ ብዛት ማካፈል፣ የሦስት ዓመቱን ጎን ለጎን ማስቀመጥ፣ ከዚያ ከኋላ ያሉትን ማብራሪያዎች ማየት ነው፤ የብድሩ፣ የዕዳው፣ የፍርድ ቤት ክርክሩ ዝርዝር ያለው እዚያ ነው። ይህን ሁሉ አይቶ «ዋጋው ተወዷል፣ ግን ዕድገቱን አምንበታለሁ» ብሎ የሚገዛ ሰው በምን ላይ እንደተወራረደ ያውቃል። ዘመድ ስለገዛ የገዛው ግን መቼ መሸጥ እንዳለበትም ያንኑ ዘመዱን ሊጠይቅ ነው።